የአስታማሚዎች ድርጅት፦ ለሕግ ድጋፍ የምናቀርበውን ሐሳብ እዚህ እንጨርሰው

ፀሐፊዋ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ባለፈው እሁድ ደሴ ፒያሳ ተሰብስበን ያልቋጨነውን እዚህ እንቋጨው። አስታማሚዎችን ቀጥሮ፣ አሠልጥኖ፣ ሕመምተኛ ያለበት ቤት የሚልክ ድርጅት ልናቋቁም ነው። ከዚያ በፊት የሕግ ሰው ያስፈልገናል። ለወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አንድ የጋራ ሐሳብ እንጻፍ ተባብለናል። ከፈቃድ አወጣጥ እስከ ውል አዘገጃጀት አብረውን እንዲሠሩ ነው የምንጠይቀው።

እኔ ለምን እንደገባሁበት ልንገራችሁ። እናቴ ስትሮክ ከመታት በኋላ አልጋ ላይ ቀረች። አስታማሚ ያገኘነው በደላላ ነው። ደላላው ከእኛም ተቀበለ፤ ከልጅቷም የመጀመሪያ ደሞዟን ግማሽ ወሰደ። ይህን ያወቅነው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ልጅቷ ከአልጋው በላይ ግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያ ሰቅላ ነበር። እናቴን ባገላበጠች ቁጥር በእስክሪብቶ አንድ ጭረት ታደርግበታለች። ጠዋት፣ ረፋድ፣ ቀትር፣ ማታ፣ ሌሊት ደግሞ ሁለቴ። እናቴ አንድም የአልጋ ቁስል አልወጣባትም። ያን የቀን መቁጠሪያ እስካሁን አልጣልኩትም። ሳየው ግን ሌላም ነገር ይታየኛል። እኛ ቤት በቆየችበት ሰባት ወር ውስጥ ጭረት የሌለበት ቀን የለም። አንድ እሁድ እንኳ አላረፈችም። እናቴ ስታርፍ ለለቀስተኛው ቡና ስታፈላ ሰነበተች። በአራተኛው ቀን ልብሷን በፌስታል ይዛ ወጣች። ምን እንደሚገባት የነገራት የለም፤ እኛም አልጠየቅንም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ወሎ ውስጥ ለሞተ ሰው ቅሬ፣ ማለትም እድር፣ አለ። ድንኳኑም ንፍሮውም ቀባሪውም ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል። አልጋ ለያዘ ሰውና ለሚያስታምመው ግን እንዲህ ያለ ሥርዓት የለንም።

የመጀመሪያው ጥያቄዬ አንድ ነው፤ እሱ ሳይፈታ ሌላውን አንንካ። እኛ አገናኝ ነን ወይስ አሠሪ?

ሊቀመንበሩ

ልጄ፣ እናትሽን ነፍሳቸውን ይማር። እኔ ግን አገናኝ ብንሆን ይሻላል ባይ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሱቅ ይዤ ሠራተኛ ቀጥሬያለሁ፤ ጣጣውን አውቀዋለሁ። ቤተሰቡ ይቅጠር፣ ቤተሰቡ ይክፈል። እኛ ጥሩ ሰው መርጠን እንላክና አነስ ያለ ኮሚሽን እንቀበል። ወርቅ ጠፋ ቢባል፣ እማማ ከአልጋ ወደቁ ቢባል፣ ይቺ ያዋጣናት ገንዘብ ምኑን ትችለዋለች?

የሕግ ምሩቁ

ጋሼ፣ ስጋትዎ ትክክል ነው። ግን ሁለቱ መንገዶች በሕግ ፊት የት እንደሚያደርሱን አንድ በአንድ እንያቸው።

አገናኝ ከሆንን የሥራና ሠራተኛ አገናኝ ፈቃድ ነው የምናወጣው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንዲህ ያለውን ኤጀንሲ ሲተረጉመው፣ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ የማይቀበል ይላል። ስለዚህ ኮሚሽኑ ከቤተሰቡ ብቻ ነው። ከልጅቷ አምስት ብር ብንቀበል ከደላላው በምን ተለየን?

ሌላም አለ። ቤተሰቡ ራሱ ከቀጠራት፣ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥር ስለሚሆን አዋጁ አይሸፍናትም። የሚቀራት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ በአሠሪው ቤት ስለሚኖር ሠራተኛ ከቁጥር 2601 ጀምሮ ያሉት ጥቂት አንቀጾች። የዕረፍት ቀን፣ የትርፍ ሰዓት የምንለው ያለው አዋጁ ውስጥ ነው። የፀሐፊያችን እናት አስታማሚ የቀረባትም ይኸው ነው።

አሠሪ ከሆንን ግን አዋጁ በሙሉ ይመጣል። በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት። በሳምንት ሳይቆራረጥ 24 ሰዓት ዕረፍት። በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን የያዘ ደብዳቤ ፈርመን መስጠት አለብን። እርስዎ የፈሩትም እውነት ነው፤ ሠራተኛዋ በሥራዋ ላይ ጥፋት አድርሳ ኃላፊነት ቢመጣባት በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2130 አሠሪው ይጠየቃል። ሕመምተኛ ስታነሳ ወገቧን ብትጎዳም የእኛ ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊው አሠሪው ነው።

ለዚህ ነው የድርጅቱ ዓይነት አብሮ መታየት ያለበት። አሁን ባለን ማኅበር ስም እንሥራ ብንል፣ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ገቢ የሚያስገኝ ሥራ ይፈቅዳል፤ ትርፉን ለአባላት መከፋፈል ግን ክልክል ነው። በንግድ ሕጉ በአዋጅ 1243/2013 ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ብናቋቁም ደግሞ የእያንዳንዳችን ኃላፊነት ባዋጣነው ልክ ይቆማል። ቤታችን አይሸጥም ማለት ነው፣ ጋሼ።

ሲስተር

እኔ ከሆስፒታል ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ከደሞዝ ክርክሩ በፊት ሥራውን ለሁለት ክፈሉልኝ። ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ ማጉረስ፣ ዳይፐር መቀየር፣ በክንድ ደግፎ በረንዳ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ አንድ ነው። መርፌ መውጋት፣ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ማስገባት፣ ቁስል ማከም ሌላ ነው። ሁለተኛው የሙያ ፈቃድ ያለው የጤና ባለሙያ ሥራ ነው። ቤተሰብ ደግሞ ሁልጊዜ ይህን ድንበር ይገፋል። «አንቺው ውጊያት፣ ማን ያይሻል» ይላል። ልጅቷ እምቢ ለማለት ወረቀት ያስፈልጋታል። ውሉ ውስጥ የማትሠራው ነገር በግልጽ ይጻፍ።

ፈቃዱንም ይነካል። መርፌና ቁስል የምንነካ ከሆነ ከንግድ ፈቃዱ በፊት ጤና መምሪያ እንሂድ። እኔን የምትሰሙኝ ከሆነ የመጀመሪያውን ዓመት በእንክብካቤው ብቻ እንጀምር።

የፀሐፊያችን የቀን መቁጠሪያ ደግሞ ልቤን ነካው። ዎርድ ውስጥ እኛም በሁለት ሰዓት አንዴ እያገላበጥን እንመዘግብ ነበር። በየቤቱ አንድ ደብተር ይኑር። ያገላበጠችበት፣ የበሉት፣ የወጣላቸው ሽንት፣ ሁሉም ይጻፍ። ክስ ቢመጣ የሚያድናት እሱ ነው።

የሕግ ምሩቁ

በጣም ልክ ነሽ ሲስተር። ደብተሩ ግን የሰው ምስጢር ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 የጤና መረጃን በጥብቅ ከሚጠበቁት መድቦታል። ማን ያነባል፣ የት ይቀመጣል፣ ሕመምተኛው ካለፈ በኋላ ለማን ይመለሳል የሚለውን አብረን እንጻፍ። በስልክ ፎቶ እያነሱ ቴሌግራም ላይ መላክ ከአሁኑ ይከልከል።

ከኮምቦልቻ

አብሽሩ፣ ጥሩ እየሄዳችሁ ነው። እኔ አጭር ነገር ነው ያለኝ። ኮምቦልቻ የራሷ ከተማ አስተዳደር አላት። ፈቃዱ ደሴ ወጥቶ ሥራው እዚህም ከሆነ ቅርንጫፉን ማስመዝገብ ይጠበቅብናል። ትራንስፖርቱንም አስቡት። ከደሴ የምትመላለስ አስታማሚ ማታ የሐረጎን ዳገት ስትወጣ ሚኒባስ ባታገኝ ኃላፊው ማነው? በእኔ በኩል ለኮምቦልቻ ቤቶች የኮምቦልቻ ልጆች ይቀጠሩ።

ሒሳብ ያዟ

ቁጥሩን ልንገራችሁ፤ ካልተዋጠልን ሐሳቡም አይቆምም። ለምሳሌ ደሞዙን 6,000 ብር እንበለው። የግል ድርጅት ጡረታ ከእኛ 11 በመቶ፣ ከእሷ 7 በመቶ ነው። 660 ብር እኛ እንጨምራለን፤ 420 ብር ከእሷ ይቆረጣል። ይህ ቀላሉ ነው።

ከባዱ አዳሪ የሚባለው ነው። ተመላላሽ ከሆነች 8 ሰዓቷን ሠርታ ትሄዳለች። አዳሪ ግን ሳምንቱን ሙሉ እዚያው ናት። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ለ48 ብናካፍለው ሦስት ሰው ተኩል ይመጣል። የትኛው የደሴ ቤተሰብ ነው ለአንድ በሽተኛ የሦስት ሰው ተኩል ደሞዝ የሚከፍለው? በትርፍ ሰዓት እንሸፍነው ብንል በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አያልፍም። ክፍያውም ቀን 1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በዕረፍት ቀን 2፣ በበዓል 2.5 እጥፍ ነው። እናም ሁለት አስታማሚ በፈረቃ፣ ሌሊት ደግሞ የቤተሰቡ ሰው ከጎን ይተኛል የሚል አማራጭ አስልቻለሁ። የሚቻለው እሱ ይመስለኛል። ሁለቱ የማይሸፍኑትን ሰዓት ቤተሰቡ ይወስዳል። ሌሊት ተጠርታ የተነሳችባቸው ሰዓቶች ደግሞ በደብተሩ ተጽፈው ይታሰቡላት።

አስታማሚዋ

ለመጻፍ ዘገየሁ፤ ይቅርታ። የምሠራው ሸዋ በር አካባቢ አንድ አባባ ጋ ነው፤ አሁን ተኝተው ነው።

ሰዓቱንም ደሞዙንም ተናግራችሁታል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ሰውየው ሲሞቱ ሥራዬም አብሮ ይሞታል። እስካሁን ሦስት ሰው አስታምሜ ቀብሬያለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ከለቅሶ ቤት ወጥቼ የምገባበት አልነበረኝም፤ አዳሪ ስለሆንኩ ቤት የለኝም። ልቅሶዬን እንኳ በቅጡ አላለቀስኩም። ሰውን በእጅህ እያጎረስክ ሁለት ዓመት ከኖርክ ዘመድህ ነው። ድርጅቱ ይህን ካልመለሰልኝ ከደላላው ምን ይሻለኛል?

የሕግ ምሩቁ

እህቴ፣ ይህ ሐሳባችን ውስጥ ዋናው አንቀጽ መሆን ያለበት ነው። በአዋጁ አንቀጽ 9 የሥራ ውል በመርህ ደረጃ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። ለተወሰነ ሥራ ወይም ጊዜ የሚደረግባቸውን ሁኔታዎች አንቀጽ 10 ይዘረዝራል። ቤተሰቡ በቀጥታ ከቀጠረሽ ያ ሁሉ አይደርስሽም። ውልሽ ከድርጅቱ ጋር ላልተወሰነ ጊዜ ከሆነ ግን የአንድ ሕመምተኛ መሞት ውሉን አያቋርጠውም። ድርጅቱ ሌላ ቤት ይመድብሻል። በሕጉ በቂ በሆነ ምክንያት ቢያሰናብትሽ እንኳ የሙከራ ጊዜሽን ጨርሰሽ እስከ አንድ ዓመት ካገለገልሽ የአንድ ወር፣ ከዚያ በላይ እስከ ዘጠኝ ዓመት ከሆነ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጥሻል።

ድርጅቱ ይህን እንዲሸከም ከቤተሰቡ ጋር የሚፈራረመው ውልም መስተካከል አለበት። ሕመምተኛው ቢያልፍ ቤተሰቡ ቢያንስ የሁለት ሳምንት ክፍያ እንዲከፍል ብንጽፍ መሸጋገሪያ ይሆናል።

ሊቀመንበሩ

አነበብኩት። የልጅቷን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። በቅሬያችን ስንት ለቅሶ ቤት ቆሜያለሁ፤ አስታማሚዋ ማታ የት ታድራለች ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅሁም። አሠሪ እንሁን። የኮሚሽኑን ነገር አንስቻለሁ።

ግን የመድን ዋስትና ሳይገባ ሥራ አንጀምር፤ በዚህ አልለዝብም። ወገቧን ለምትጎዳውም፣ ለሚወድቁት እማማም። በመጀመሪያው ቀን ደግሞ ቤተሰቡና አስታማሚዋ ባሉበት የወርቁና የገንዘቡ ነገር ይነገር፤ ተቆልፎ ቁልፉ በቤተሰቡ እጅ ይሁን።

ፀሐፊዋ

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። የሁላችሁንም ይዤ ረቂቁን እንዲህ ጽፌዋለሁ፦

«እኛ በደሴና በኮምቦልቻ የምንኖር አስታማሚዎች፣ ነርሶችና ቤተሰቦች ሕመምተኞችን በቤታቸው የሚንከባከብ ድርጅት ለማቋቋም ተስማምተናል። ድርጅቱ አስታማሚዎችን ላልተወሰነ ጊዜ የሚቀጥር አሠሪ ይሆናል እንጂ አገናኝ አይሆንም። ከአስታማሚ ምንም ዓይነት ክፍያ አይቀበልም። በመጀመሪያው ዓመት የጤና ባለሙያ የሚጠይቅ ሕክምና አይሰጥም። የሕግ ትምህርት ቤቱ የድርጅቱን ዓይነት በመምረጥ፣ ከንግድ፣ ከጤና እና ከሥራና ሥልጠና መምሪያዎች ጋር በሚኖረን ጉዳይ፣ እንዲሁም ሁለት ውሎችን በማርቀቅ እንዲያግዘን እንጠይቃለን። አንደኛው ውል ከአስታማሚዋ ጋር፣ ሁለተኛው ከቤተሰቡ ጋር ነው። የሌሊት ሰዓት አቆጣጠር፣ የሕመምተኛ ሞት፣ የመድን ዋስትና እና የደብተሩ ምስጢር አጠባበቅ በሁለቱም ውሎች ውስጥ እንዲገቡ እንፈልጋለን።»

ሲስተር

«አስታማሚዎች» መጀመሪያ መጻፉ ደስ ብሎኛል። አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሪልኝ። አስታማሚዋ ያለ ሥልጠና ወደ ማንም ቤት አትላክ። ሥልጠናውን እኔና ሁለት ጓደኞቼ በነፃ እንሰጣለን።

ከኮምቦልቻ

ተስማምቻለሁ። ማክሰኞ ጠዋት ደሴ ነኝ፤ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።

ፀሐፊዋ

የሲስተርን ጨምሬዋለሁ። ማክሰኞ በሦስት ቅጂ ይዘን እንሄዳለን። ከሐሳቡ ጋር የዚያን የቀን መቁጠሪያ አንድ ገጽ ባያይዝ ደስ ይለኛል፤ ጽሑፉ ግን የልጅቷ ነውና መጀመሪያ እሷን ላስፈቅድ። አሁን ሮቢት ትሠራለች፤ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ከእሷ ጋር ለብቻዬ የምጨርሰው ሒሳብም አለ። ቆጥሬዋለሁ፤ 30 እሁድ ነው።