የፖሊመር ክሌይ ዶቃ ክር ሲገባበት ለምን ይሰነጠቃል?

ዶቃ ወዳጇ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፕሪሞ በሚባለው የፖሊመር ክሌይ ዓይነት ባለ 12 ሚሊ ሜትር ዶቃ እየሠራሁ ነው። ትንሹን ኦቨን 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ አድርጌ፣ እንዳያርብኝ 15 ደቂቃ ሲሞላው አወጣዋለሁ። ክሩን ጠበቅ ሳደርገው ከቀዳዳው ጀምሮ ይሰነጠቃል። ነጩ አናቱ ላይ ቡናማ ይላል፤ ስበሳው ደግሞ ይጨፈለቃል። ምን ላድርግ?

እጀ ስል፦
እህቴ፣ የሚሰነጠቀው ስላልበሰለ ነው። ይሄ ውኃው ተንኖ የሚደርቅ ጭቃ አይደለም፤ ፒቪሲ የሚባል የፕላስቲክ ዱቄት በማለስለሻ የተለወሰ ነው። ሙቀቱ መሀሉ ድረስ ገብቶ ዱቄቱን ካላዋሃደው ላዩ ይጠነክርና ውስጡ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ፕሪሞ ለእያንዳንዱ 6 ሚ.ሜ. ውፍረት 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ላንቺ ዶቃ አንድ ሰዓት ሙሉ። የሚያሳርረው ሰዓቱ ሳይሆን ዲግሪው ሲያልፍ ነው። የኦቨኑን ቁጥር አትመኚ፤ የኦቨን ቴርሞሜትር ትሪው ላይ፣ ከዶቃው አጠገብ አስቀምጪ። 20 ደቂቃ ቀድመሽ አሙቂው። ቡናማው የሚመጣው ከላይኛው ሽቦ በቀጥታ ከሚወርደው ግለት ስለሆነ ዶቃውን ሳይነካ ትሪውን በፎይል ሸፍኚ። ያልተሰነጠቁትን አትጣያቸው፤ መልሰሽ አንድ ሰዓት ጋግሪያቸው፣ ይጠነክራሉ። ካረረ ግን ጭሱ ዓይንና ጉሮሮ ስለሚለበልብ ኦቨኑን አጥፍተሽ መስኮት ክፈቺ።

ወስፌ፦
የሚጨፈለቀው በእጅሽ ሙቀት ስለሚለሰልስ ነው። አድቦልቡለሽ 15 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አቆዪው። መርፌውን አትግፊው፤ በሁለት ጣት እያሽከረከርሽ አስገቢው። ጫፉ በወዲያ በኩል ብቅ ሲል አውጪና ከዚያው ጎን መልሰሽ ብሺው፤ አለዚያ የቀዳዳው ጠርዝ ወደ ውጭ ተገልብጦ ይቀራል። ስትጋግሪ ሽቦ ላይ ሰክተሽ አንጠልጥዪው፤ ሳህን ላይ ከተቀመጠ የነካው ጎን ጠፍጣፋና አብረቅራቂ ይሆናል። እኩል እንዲሆኑልሽ ደግሞ 10 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው ዘንግ አሽተሽ በ11.5 ሚ.ሜ. ቁረጪው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ሲድቦለቦል 12 ሚ.ሜ. ይወጣዋል።

ዶቃ ወዳጇ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ለማብለጭለጭ ግልጽ የጥፍር ቀለም ልቀባው?

እጀ ስል፦
በፍጹም! የጥፍር ቀለም ማሟሟቻ ክሌዩን ያለሰልሰዋል፤ ከሳምንታት በኋላም እጅ ላይ ይጣበቃል። ከቀዘቀዘ በኋላ ውኃ ውስጥ ነክረሽ በብርጭቆ ወረቀት እሺው፦ መጀመሪያ ቁጥር 400፣ ቀጥሎ 600፣ መጨረሻ 1000። ውኃው ብናኙን ስለሚይዘው አትተነፍሺውም። ከዚያ በጂንስ ጨርቅ ፈትጊው፤ ቫርኒሽ ካማረሽም በውኃ የሚቀጥነውን ብቻ ተጠቀሚ።