የፊንላንድ ከተሞች ጋሻ ለሎጎ ቦታ ይልቀቅ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሄልሲንኪ እ.ኤ.አ. በ2017 አዲስ ሎጎ አወጣች። የከተማዋ ስም በክፈፍ ውስጥ ተጽፏል፣ የክፈፉ ቅርጽም ከድሮው ጋሻ፣ ማለትም በጋሻ ቅርጽ ከተሣለው የከተማ ዓርማ፣ የመጣ ነው። ጀልባና ዘውድ ያለበት የድሮው ዓርማም አልተሰረዘም። ታዲያ ሁለቱ ምን ያደርጋሉ? እኔ ጋሻው ጡረታ ይውጣ ባይ ነኝ።

የላህቲ ነዋሪ፦ ቀስ በል ወንድሜ! የእኛን አይተኸዋል? በእሳት የተከበበ የባቡር ጎማ ነው። ላህቲን ከተማ ያደረጋት ባቡር ነው። መንደሩ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1877 ተቃጥሎ ነበር። እስቲ ይህን በሎጎ አሳየኝ።

ጠያቂ፦ እሺ፣ ላህቲስ ይሁን። ኢናሪስ? ዓሣ ላይ የአጋዘን ቀንድ! መጀመሪያ ሳየው የሰው ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ሰዓሊ ነኝ፦ እኔ ግን እሱን ነው የምወደው። ኢናሪ ሩቅ ሰሜን ናት። ሐይቁ ዓሣ ይሰጣል፣ አጋዘን ይረባል። ሁለቱን በአንድ ሥዕል ጨረሱት። ቀለሙን ደግሞ ልብ በሉ፦ ጥቁር መደብ፣ የብር ዓሣ፣ የወርቅ ቀንድ። የጋሻ ሕግ ወርቅና ብርን ከሌላ ቀለም ላይ አድርግ ይላል፣ ከሩቅ እንዲታይ። ዛሬ የሎጎ ሠሪ በስልክ ስክሪን ላይ የሚለፋው ለዚሁ ነው እኮ። ጉስታፍ ፎን ኑመርስ የሚባለው ዓርማ ሠሪ ደግሞ ጋሻውን በቀጥታ መስመር መክፈል ሰለቸውና መስመሩን የጥድ ዛፍ ረድፍ አስመሰለው። ይህ የፊንላንድ ደን ነው፣ ከሌላ የተቀዳ አይደለም።

ቆጣቢ፦ ውበቱን አልክድም። ግን እ.ኤ.አ. በ2009 ሳሎ በምትባል ከተማ ውስጥ 10 ማዘጋጃ ቤቶች ተዋሃዱ። የማን ጋሻ ይሰቀል? ገለልተኛ ሎጎ ጠብ ያስቀራል።

የላህቲ ነዋሪ፦ ለዚያ እኮ መንገድ አለ። የማዘጋጃ ቤቱ ምክር ቤት ይወስናል፣ ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ አስተያየት ይሰጣል። አዲስ ጋሻም መሥራት ይቻላል። ገለልተኛ ሎጎ ያልከው ግን አንዱን ከተማ ከሌላው አይለይም፣ ክብ ነገርና ሰማያዊ ቀለም ብቻ ነው።

ጠያቂ፦ ይሄን አልከራከርም፣ አንዳንዱ ሎጎ የባንክ ነው የሚመስለው። እንግዲህ ሎጎው ትራሙ ላይ ይለጠፍ፣ ጋሻውም በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ይቆይ። ቀንዳሙን ዓሣ ግን ገና አልለመድኩትም።