ክርክር፦ የትንሽ ከተማ የገና ፍቅር ፊልሞች ምን ይደብቃሉ? ማንስ ይክፈላቸው?

አወያይ፦ የዚህ ሳምንት ጥያቄ ከአባላት የመጣ ነው። በየዓመቱ ከኦክቶበር ጀምሮ የአሜሪካ ቴሌቪዥን በአንድ ዓይነት ፊልም ይጥለቀለቃል። ከትልቅ ከተማ የመጣች ባለሥራ ሴት፣ በረዶ የለበሰች ትንሽ ከተማ፣ ሊዘጋ የደረሰ ሆቴል፣ ዳማ ሸሚዝ የለበሰ ደግ ጎረምሳ። መጨረሻ ላይ ይሳሳማሉ። የዘርፉ አውራ ሆልማርክ ነው። በ1910 ካንሳስ ሲቲ ውስጥ የተመሠረተው የፖስት ካርድ ኩባንያ ጣቢያ ነው። በዚህ ስም ሥርጭት የጀመረው በ2001፣ የገና ዘመቻውን ደግሞ በ2009 ነው። ከወረርሽኙ በፊት በዓመት ወደ 40 አዲስ የገና ፊልም ደርሶ ነበር። ላይፍታይምና ኔትፍሊክስም ገብተውበታል።

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ፦ «እነዚህ ፊልሞች የትንንሽ ከተሞችን እውነት ይሸፍናሉ፤ በግብር ከፋይ ገንዘብም መደገፍ የለባቸውም።» ዘመን በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፍ። ስድብ የለም።

ሚኒሶታ ብርዱ፦ እደግፋለሁ። የምኖረው ሚኒሶታ፣ ዎርዚንግተን ነው። ሕዝቡ 14 ሺህ ገደማ ነው። ትንሽ ከተማ ከተባለ ይኸው። ዋናው ሥራ ሰጪ የጄቢኤስ የአሳማ ሥጋ ፋብሪካ ነው። ሠራተኛው ከሜክሲኮ፣ ከጓቲማላ፣ ከበርማ፣ ከኛም አገር የመጣ ነው።

ዲሴምበር 12 ቀን 2006፣ ለፈረንጅ ገና ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ኢሚግሬሽን ፋብሪካውን ከበበ። ያኔ ባለቤቱ ስዊፍት ነበር። በዚያው ቀን በስድስት ግዛቶች ስድስት የስዊፍት ፋብሪካዎች ተከበው ከ1,200 በላይ ሰው ተያዘ። ነባር ጎረቤቶቼ «ገና በትንሽ ከተማ» ሲባል ትዝ የሚላቸው ይሄ ነው። በ40 ፊልም ውስጥ ለዚህ አንድ ቦታ ይጠፋል?

የሌሊት ፈረቃ፦ እቃወማለሁ። ወንድሜ፣ ያልከው እውነት ነው። ለእሱ ግን ዜና አለ፣ ዶክመንተሪ አለ።

እኔ ደንቨር ነርስ ነኝ። ዲሴምበር 25 ሌሊት የምገባው እኔ ነኝ። ገናዬ ጃንዋሪ 7 ስለሆነ ፈረንጆቹ ቤታቸው ይዋሉ እላለሁ። የበዓል ክፍያውም አይጠላም። ማረፊያ ክፍላችን ውስጥ ያለው ቲቪ ሁሌ ከነዚህ ፊልሞች አንዱን ያሳያል። ትንሽ አያለሁ፣ እጠራለሁ፣ እሄዳለሁ፤ ስመለስ ምንም አላመለጠኝም። ያን ሌሊት በክፍሌ ማን እንደሚያድር፣ ማን እንደማያድር አላውቅም። ፊልሙ ውስጥ ግን ማንም አይሞትም። የሞተ ካለም ፊልሙ ሳይጀምር ነው የሞተው። እውነት ሲበዛብኝ የዋልኩ ሰው ነኝ፤ እዚህም እውነት ካልተጨመረልኝ ብዬ አልቆጣም።

ጠርጣራው፦ እህቴ፣ እንዳታዪ ማን ከለከለሽ? ጥያቄው ማን ይክፈል ነው።

ኮነቲከትን ውሰዱ። እዚያ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣ ፕሮዳክሽን የወጪውን 30 በመቶ በግብር ክሬዲት፣ ማለትም ከግብር ዕዳው ላይ በሚቀነስለት ሒሳብ፣ ያገኛል። አምራቹ ግዛቱ ውስጥ ያን ያህል ግብር ባይኖርበትስ? ችግር የለም፤ ክሬዲቱን ይሸጠዋል። ግብር የበዛበት ሌላ ኩባንያ በቅናሽ ይገዛውና የራሱን ዕዳ ያቃልልበታል። ጉድለቱ የግዛቱ ካዝና ነው። በዚህ ላይ በ2024 ግዛቱ ፊልሞቹ የተቀረጹባቸውን ከተሞች የሚያስጎበኝ የገና ፊልም መስመር ብሎ ማስተዋወቅ ጀመረ። መንገድና ትምህርት ቤት የሚሠራበት ገንዘብ ለሐሰተኛ በረዶ ሲውል ዝም እንበል?

መብራት ሠሪው፦ ሐሰተኛ በረዶ ከተባለ የተጠራሁት እኔ ነኝ። ላንግሊ ነኝ፣ ቫንኩቨር አጠገብ። ፊልም ላይ መብራት እሠራለሁ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ከነዚህ «የአሜሪካ ትንንሽ ከተሞች» ብዙዎቹ ካናዳ ናቸው። የኛው ብሪቲሽ ኮሎምቢያ አለ፣ ኦንታሪዮ አለ። ኦታዋ አጠገብ አልሞንት የምትባል ከተማ ስንት ጊዜ የአሜሪካ ከተማ ሆና እንደተወነች ለመቁጠር ያስቸግራል።

ቀረጻው ሁለት ሦስት ሳምንት ነው። ብዙ ጊዜ በሰመር። ጁላይ ላይ ተዋንያኑ ካፖርትና ሻርፕ ለብሰው በላብ ይጠመቃሉ። መሬቱ ላይ ነጭ ጨርቅ ይነጠፋል፣ ጠርዙ ላይ የወረቀት ብናኝ ይበተናል፣ ከላይ የሚወርደው አረፋ ነው። የቡናው ኩባያም ባዶ ነው፤ አያያዛቸውን ብታዩ ያስታውቃል።

ስለ ገንዘቡ፦ የኛ ክሬዲት የሚሰላው በጠቅላላ ወጪው ላይ አይደለም። ለክፍለ ግዛቱ ነዋሪ በሚከፈል ደመወዝ ላይ ነው። 28 በመቶ ነበር፣ ከ2025 ወዲህ 36 ሆኗል። እኔ ካልተቀጠርኩ አምራቹ በኔ ሰበብ ሳንቲም አያገኝም። ከኔ ደመወዝ ደግሞ ግብር ይቆረጣል። ቤቴን የምከፍለው በዚያ በረዶ ነው።

ጠርጣራው፦ ስለዚህ ከደመወዝህ ሲሶውን መንግሥት ከፈለልህ ማለት ነው። ለታክሲ ነጂው፣ ለዳቦ ጋጋሪው ለምን አይከፍልም? 28 የነበረው 36 የሆነውስ ለምንድን ነው? ፊልሞቹ ወደ ሌላ ቦታ እንዳይሄዱ። ይሄ ጨረታ ነው እንጂ ልማት አይደለም።

መብራት ሠሪው፦ ታክሲ ነጂው ሥራውን ጠቅልሎ ቡዳፔስት አይሄድም። የኔ ሥራ ይሄዳል።

ወለላ፦ ወንዶቹ ገንዘብ ላይ ቀራችሁ። እኔ አትላንታ ውስጥ አካውንታንት ነኝ፤ ስለ ገንዘብ ማውራት አይደክመኝም። የኔ ቅሬታ ግን ሌላ ነው።

ፊልሙ ሲጀምር ሴትዮዋ የሆነ ነገር ትችላለች። ሰው ታስተዳድራለች፣ ስልኳ አያርፍም፣ እጮኛዋ ሱፍ ለባሽ ቀዝቃዛ ሰው ነው። ሲያልቅ ያን ሁሉ ትታ እዚያች ከተማ ቀርታለች፤ ኬክ ትጋግራለች። የጤና ኢንሹራንሷን ማንም አይጠይቅም። የተማሪ ብድሯንም። ግን እሱ ለምን አይመጣም? የገና ዛፍ እርሻውን ሸጦ ችካጎ ቢገባ ፍቅሩ ይቀንሳል? ሁሌ እሷ ናት የተሳሳተ ኑሮ ስትኖር የተገኘችው። ልጄ አጠገቤ ሆና ታያለች። ሥራ የወደደች ሴት ጎደሎ ናት የሚለውን በየዓመቱ በክሪስማስ መብራት አስጊጠው ያስተምሯታል።

አያለሁ ወይ? አያለሁ። ባሌም ያያል። ስልኩን የሚነካካ ይመስላል እንጂ ማን ማንን እንደሚያገባ ከኔ ቀድሞ ያውቃል።

ጡረተኛው፦ ልጆቼ፣ እኔም ልግባ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። ከባለቤቴ ጋር ነው የምናየው። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል፤ ቴሌቪዥኑ ደግሞ በቅቤና በክሬም ይፈትነናል። እንዲያም ሆኖ እናያለን።

የልጅ ልጆቼ አጠገቤ ተቀምጠው ሪሞቱን የማልፈልግበት ፊልም ሌላ የት አለ? ስድብ የለ፣ ደም የለ፣ መራቆት የለ። ወለላ ልጄ፣ ያነሳሽው ተገቢ ነው፣ አልከራከርም። እኔ የማየው ግን ሌላ ነገር ነው። ሰዎቹ በስም ይጠራራሉ። በረዶ ሲጥል ጎረቤት አካፋ ይዞ ይመጣል። እኔ በምኖርበት ሕንፃ ከጎኔ ያለውን ሰው ስም አላውቅም። ሰላም ብለው ደነገጠ። ያደግነው እንዲህ ነበር? ፊልሙ ውሸት ከሆነ ጥሩ ውሸት ነው።

ባለአንቴና፦ ከአዲስ አበባ። በኛ 2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር «ባህላችን ተበላ» ተብሎ ስንት ተጮኸ። የኛ ሠፈር እናቶች አንድ ክፍል አያመልጣቸውም ነበር። ቱርክ ሁሉ የባሕር ዳር ቪላ አለው ብላ ያመነች ግን አላጋጠመችኝም። ተመልካች ሞኝ አይደለም።

የሌሊት ፈረቃ፦ አመሰግናለሁ! በ2017 ኔትፍሊክስ ራሱ አንድ የገና ፊልሙን 53 ሰዎች ለ18 ቀን በየቀኑ እንዳዩት ትዊተር ላይ ጽፎ «ማን ጎዳችሁ?» አላቸው። ፊልሙን ሠርቶ የሸጠው እሱ፣ የሳቀውም እሱ። የሴቶች መዝናኛ ሲሆን ብቻ ነው እንዲህ የሚቀለደው። በየሳምንቱ ያንኑ ኳስ የሚያየውን ወንድ ማን ጎዳህ ያለው አለ?

ጠርጣራው፦ ሳቁን ተይው፤ ማን ምን እንደሚያይ መቁጠራቸው አያስፈራም? ለማንኛውም «ንጹሕ የቤተሰብ መዝናኛ ነው፣ ፖለቲካ የለበትም» ለምትሉ፦ በ2019 ሆልማርክ ሁለት ሙሽሮች ሴቶች የሚሳሳሙበትን የሠርግ ድርጅት ማስታወቂያ አወረደ፣ ሲጮኽበት መለሰው። ከወር በኋላ ኃላፊው ለቀቁ። በኋላ «ግሬት አሜሪካን ፋሚሊ» የሚባል ተፎካካሪ ጣቢያ ይዘው ብቅ አሉ። ትንሿ ከተማ ውስጥ ማን ይኑር የሚለው ጥያቄ ራሱ ፖለቲካ ነው።

አወያይ፦ የማስታወቂያው ጉዳይ ራሱን የቻለ ክርክር ይሆናል፣ እዚህ አንከፍተውም። «ማን ይኑር» የሚለውን ግን ያዙት።

ሚኒሶታ ብርዱ፦ ልያዘው። ጋሼ፣ የአካፋው ነገር እውነት ነው፤ እሱን አልከራከርዎትም። እዚህም ጎረቤት በረዶ ይጠርጋል። ባለፈው ክረምት የኔን መኪና መውጫ የጠረገልኝ ጓቲማላዊ ነው፣ ከሌሊት ሥራ ሲመለስ። ቅር የሚለኝ ያ ሰው ፊልሙ ውስጥ አለመኖሩ ነው።

ፋብሪካ እኮ ያሳያሉ። የአሻንጉሊት ፋብሪካ፣ የከረሜላ ፋብሪካ። ሠራተኞቹ ጥቂት ሽማግሌዎች ናቸው፣ ሁሉም እየሳቁ። ጠላቱ ከኒውዮርክ የሚመጣ ገዢ ነው፤ በገና ዋዜማ ልቡ ይራራል። እዚህም ገዢ መጥቶ ነበር። በ2007 የብራዚሉ ጄቢኤስ ስዊፍትን ገዛ። የማንም ልብ አልራራም፣ ማንም አላለቀሰም፣ ሥጋው መቆረጡን ቀጠለ።

አሁን ዋናውን ልበል። ከ2010 እስከ 2020 በነበሩት ዓመታት የአሜሪካ ገጠር ሕዝብ በጠቅላላው ቀንሷል። በቆጠራ ታሪክ እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ነው። ዎርዚንግተን ግን ከ12,700 ወደ 13,900 ገደማ አደገች። ያሳደጋት ስደተኛው ነው። ትምህርት ቤቱን የሞላው የሱ ልጅ ነው። ዋናው መንገድ ላይ ሱቅ ከፍቶ የከረመውም እሱ ነው። ፊልሞቹ በሙሉ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው፦ የምትሞት ከተማን ማን ያድናታል? መልሳቸው «ከከተማ የተመለሰች ቆንጆ» ነው። ያዳናትን ሰው ግን አውጥተውታል።

ወለላ፦ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ግን ላስተካክል፤ ሆልማርክ ባለበት አልቆመም። ጥቁር ባለታሪኮች አሉት፣ በ2019 የአይሁዶችን በዓል ሐኑካን ያካተቱ ፊልሞች አሳይቷል። ፊቶቹ ተቀይረዋል፤ ሥራው ነው ያልተቀየረው። ፈረቃ የሚገባ ሰው የለም። ሁሉም ዲሴምበር ሙሉ እረፍት ላይ ነው።

መብራት ሠሪው፦ ምክንያቱን እኔ ልንገርሽ። ድርሰቱ በማስታወቂያ ነው የሚከፋፈለው፤ ብዙ ጊዜ ዘጠኝ ክፍል። እያንዳንዱ ክፍል ትንሽ ጉጉት ላይ ይቆማል፣ ማስታወቂያ ይገባል። መሳሳም ለመጨረሻው ይቀመጣል፤ ከዚያ በፊት የሆነ ሰው ይገባና ያቋርጣቸዋል። ሥጋ ፋብሪካ ካሳየህ በኋላ የሃም፣ የአሳማ ሥጋ፣ ማስታወቂያ ማን ያስገባልሃል?

ጡረተኛው፦ ይሄስ እውነት ነው።

ጠርጣራው፦ እንግዲያው ማስታወቂያ አስነጋሪው ይክፈል። ግብር ከፋዩ ምን ቤት ነው?

ሚኒሶታ ብርዱ፦ እኔ በገንዘቡ ላይ ከጠርጣራው እለያለሁ። ድጎማው ይቅር አልልም። መብራት ሠሪውም ቤት አለው። ግን ቅድመ ሁኔታ ይኑረው፦ የመንግሥት ገንዘብ ከወሰድክ የምትቀርጽበት ከተማ በራሷ ስም ትጠራ። አልሞንት አልሞንት ትባል። ነዋሪዎቿ ከኋላ የሚያልፉ አጃቢ ብቻ አይሁኑ፣ ይናገሩ።

መብራት ሠሪው፦ ይሄን ሕግ ካወጣህ አምራቹ በማግሥቱ ሻንጣውን ይሸክፋል። አሜሪካኑ ተመልካች ኦንታሪዮን ማየት ቢፈልግ ኖሮ ባንዲራውን ከየሕንፃው ላይ አናወርድም ነበር።

የሌሊት ፈረቃ፦ ሚኒሶታ፣ የጓቲማላዊውን ፊልም ሥሩት፣ አየዋለሁ። ከሌሊት ሥራ ተመልሶ በረዶ ሲጠርግ አንዷ ነርስ ከፈረቃ ስትመጣ ያግኛት። ኢሚግሬሽንም ይምጣ፣ እሺ። ግን እንዳይወስደው፤ መጨረሻ ላይ ካልተሳሳሙ ቲቪውን እዘጋዋለሁ።

አወያይ፦ ድምፅ መስጫው እስከ እሑድ ማታ ክፍት ነው። አንዱን ደግፎ ሌላውን መቃወም የሚፈልግ ስለበዛ ሐሳቡን ለሁለት ከፍየዋለሁ፦ አንደኛው እውነትን ስለመሸፈን፣ ሁለተኛው ስለ ድጎማው። ጡረተኛው በግል የላኩልኝ ጥያቄ አለ፤ «ሁለቱንም መቃወም ይቻላል?» ይላሉ። ይቻላል፣ ጋሼ።