የኋላ ጎማዎቼ መሃላቸው፣ የፊቶቹ ትከሻቸው ያልቃል፤ ተሳቢ የሚጎትት ፒክአፕ ጎማ እንዴት ይበረክታል?

ባለተሳቢው፦
ወዳጆች፣ ከኋላ ነጠላ ጎማ ያለው ባለ አንድ ቶን የናፍጣ ፒክአፕ እነዳለሁ። የምጎትተው ባለ ሁለት አክስል ተሳቢ ሲሆን የሚጫንበት ትንሽ ኤክስካቫተር ነው፤ ተሳቢውና ጭነቱ ተደምረው ወደ 4,500 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ። የምጎትተው ግን በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ በቀረው ጊዜ መኪናው ባዶውን ይመላለሳል። ጎማዎቹ ኤልቲ 275/70 አር 18፣ የጭነት ደረጃቸው ኢ ነው። በሩ ላይ በተለጠፈው መሠረት የኋላዎቹን ሁልጊዜ 80 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ)፣ የፊቶቹን 60 አስሞላለሁ። ሆኖም የኋላዎቹ መሃላቸው ሊሾ ሲሆን ጠርዛቸው ገና ጥርስ አለው። የፊቶቹ ደግሞ በውጭ ትከሻቸው በኩል ይበላሉ። ሻጩ «ጎታች መኪና ጎማ ይበላል፣ ልማዱ ነው» ብሎኝ አዲስ ሊገጥምልኝ ተዘጋጅቷል። እውነት ልማዱ ነው?

ቸርኪ፦
የመኪናው ልማድ አይደለም። ሻጩ የራሱን ልማድ ነግሮዎታል።

ዕድሜዬን የፈጀሁት በጎሚስታነት ነው፤ መኪና ሲመጣልኝ ከባለቤቱ በፊት ጎማውን ነው የምጠይቀው። የእርስዎ የኋላ ጎማዎች የሚናገሩት ግልጽ ነው፦ የጨረሳቸው ጭነቱ ሳይሆን ባዶ መሄዱ ነው። ጎናቸው ላይ 125/122 የሚል ቁጥር ይፈልጉ። 125 ማለት ጎማው ነጠላ ሆኖ ሲገጠም 1,650 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው፤ 122 ደግሞ መንታ ሆኖ (በአንድ ጎን ሁለት ጎን ለጎን) ሲገጠም 1,500። ይህን የሚችለው በ80 ፒኤስአይ ነው። ባዶ ፒክአፕዎ የኋላ አክስሉ ላይ 1,400 ኪሎ ግራም ገደማ ቢያርፍበት፣ ለእያንዳንዱ ጎማ የሚደርሰው 700 ነው፤ ከአቅሙ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ለሙሉ ጭነት የተነፋ ጎማ ባዶውን ሲሄድ መሃሉ ያብጥና አስፋልቱን በመሃሉ ብቻ ይረግጣል። በሩ ላይ የተለጠፈው ቁጥር መኪናው ሙሉ ጭነቱን ለያዘበት ሰዓት የተጻፈ ነው።

ስለዚህ አዲስ ጎማ ከመግዛትዎ በፊት ሚዛን ላይ ይውጡ። የፊቱንና የኋላውን አክስል ለየብቻ ያስመዝኑ፤ አንድ ጊዜ ባዶውን፣ አንድ ጊዜ ተሳቢውን ከነጭነቱ አያይዘው። ከዚያ የጎማው አምራች የሚያወጣውን የጭነትና የንፋስ ሠንጠረዥ ይመልከቱ፤ ለየትኛው ክብደት ስንት ፒኤስአይ እንደሚበቃ እዚያ ላይ ተቀምጧል። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ዝቅተኛ ወሰን ካለው ከዚያ በታች አይውረዱ። ንፋሱን የሚለኩት ጎማው ሳይሞቅ፣ መኪናው ካደረበት ሳይነሳ ነው። የአየሩ ሙቀት በ6 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲለወጥ ንፋሱም በ1 ፒኤስአይ ያህል ይለወጣል። በጉዞ ላይ የሞቀ ጎማ ቁጥሩ ከፍ አለ ብለው ግን እንዳያስተነፍሱት፤ ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ያገኙታል።

ወደ ፊቶቹ ልምጣ። መዳፍዎን በጥርሱ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ቀጥሎ ከውስጥ ወደ ውጭ ያሻሹ። በአንዱ አቅጣጫ ልስልስ፣ በሌላው እንደ መጋዝ ጥርስ የሚቆረቁር ከሆነ የኮንቨርጀንሳ፣ ማለትም የፊት ጎማዎቹ አቅጣጫ አሰላለፍ፣ ችግር ነው። ካልቆረቆረ ንፋሱ ለዚያ ክብደት ማነሱን ወይም ኩርባ ላይ መፍጠንዎን እጠረጥራለሁ። ናፍጣ ሞተር ከባድ ነው፤ ሰው ስለ ኋላው ሲጨነቅ የፊቱን ይረሳዋል።

መንታ እግር፦
ቸርኪ ባለው ላይ ከኋላ ሁለት ሳይሆን አራት ጎማ ለምንገጥም ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ መኪና የሚጎዳው የውስጡ ጎማ ነው፤ ቫልቩ ስለማይመች ማንም አይለካውም። አንዱ ንፋሱ ሲጎድል ጓደኛው ጭነቱን ብቻውን ይሸከማል። በዱላ መትቶ «ደህና ነው» ማለት የድሮ ሹፌር ደስታ እንጂ ልኬት አይደለም። አንዱ አዲስ፣ አንዱ ያረጀ ሆነው ከተገጠሙም ሁለቱ በእኩል ፍጥነት መዞር ግድ ስለሆነባቸው ትንሹ መሬት ላይ እየተጎተተ ያልቃል። የመንታዎቹ የዲያሜትር ልዩነት ከ6 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ እጠነቀቃለሁ። የቫልቭ ማራዘሚያ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ያስገጥሙ።

ባለተሳቢው፦
ሚዛን ላይ ወጣሁ። ባዶውን የኋላው አክስል 1,380 ኪሎ ግራም ሆነ። ተሳቢው ሲያያዝ የኋላው 2,190 ደረሰ፤ የፊቱ ግን 200 ያህል ቀነሰ። ይህ ያልጠበቅሁት ነው። የፊት ጎማዎቹንም ዳሰስኩ፣ ይቆረቁራሉ። ሌላው ጥያቄዬ፦ በየሳምንቱ ማስተንፈስና መሙላት አይሰለችም?

ቸርኪ፦
ይሰለቻል። ጎማ መግዛትም ይሰለቻል። ትንሽ ኮምፕረሰር መኪናው ውስጥ ይኑርዎት፤ የምትጎትቱበት ቀን ጠዋት፣ ተሳቢውን ከማያያዝዎ በፊት ይሙሉ። አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርዎ፦ መርሳትዎ ካልቀረ ሞልተው ይርሱ። በባዶ መኪና ላይ የበዛ ንፋስ ጥርስ ይበላል፤ በተጫነ መኪና ላይ ያነሰ ንፋስ ግን ጎማውን ከውስጥ ያግለዋል፣ በፍጥነት ላይ እያለም ሊፈነዳ ይችላል።

የፊቱ መቅለል የተለመደ ነው። ከተሳቢው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው በመጎተቻው ላይ ማረፍ አለበት፤ የእርስዎ 4,500 ከሆነ ከ450 እስከ 675 ኪሎ ግራም መሆኑ ነው። መጎተቻው ከኋላ አክስል አልፎ ስለሚገኝ ወደ ታች ሲጫን ፊቱን ያነሣዋል። ከሚዛኑ እንደምረዳው መጎተቻዎ ላይ 610 አካባቢ አርፏል፤ ጤናማ ነው፣ ኤክስካቫተሩን ካለበት አያንቀሳቅሱት። ክብደቱን መልሶ ወደ ፊት አክስል የሚያከፋፍል ባለ ስፕሪንግ ዘንግ መጎተቻ አለ፤ እሱን ቢያስገጥሙ መሪውም ይረጋል።

የሚቆረቁረው ኮንቨርጀንሳ ነው፤ ነገር ግን ሮጠው አያሠሩት። መጀመሪያ መኪናውን በክሪክ አንስተው ጎማውን በሁለት እጅ ግራና ቀኝ ይነቅንቁት። ቴስቲናው (የመሪ ዘንጉ ጫፍ መጋጠሚያ) ከተላወሰ እሱ ይቀየር። በላላ ቴስቲና ላይ የተሠራ ኮንቨርጀንሳ ብዙ ሳይቆይ ይበላሻል።

የጎማ ቦታ መለዋወጥን በየ8,000 ኪሎ ሜትሩ ያድርጉት። በዚህ ላይ ብዙ ጎማ ቤት ይስታል፦ ጎማውን ያዘዋውራል፣ ንፋሱን አያስተካክልም። 80 የነበረው የኋላ ጎማ ፊት ላይ 80ውን ይዞ ይሄዳል፣ 60 የነበረው ደግሞ ጭነት ሊሸከም ኋላ ይገባል። ቆመው ያስተካክሉ። የንፋስ ጠቋሚ ሴንሰር ካለው አዲሱን ቦታ ማስለመድ ያስፈልጋል፤ ዳዶዎቹንም ከ100 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ በቶርክ ቁልፍ ደግመው ይፈትሹ።

የተሳቢውን ፍሬን እስካሁን አላነሱም። እሱ ከሰነፈ ያንን ሁሉ ክብደት የሚያቆሙት የፒክአፑ ጎማዎች ናቸው። ባዶና ደረቅ ሜዳ መንገድ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄዱ የመኪናውን ፍሬን ሳይነኩ የተሳቢውን ብቻ ጋቢና ውስጥ ባለው የተሳቢ ፍሬን መቆጣጠሪያ በእጅ ይያዙ። ጎማዎቹ ሊቆለፉ እስኪቃረቡ ድረስ መቆጣጠሪያውን ቀስ በቀስ ከፍ ያድርጉ፣ ከተቆለፉ አንድ ደረጃ ይመልሱ። ጭነቱ በተለወጠ ቁጥር ይህንኑ ይድገሙ።