ከሐረር እስከ ጅቡቲ፦ ሳንጣደፍ፣ እየበላን እየጠጣን

የሳቢያን ልጅ ጠየቀች፦

ሰላም የምሥራቅ ሰዎች። ወንድሜ ከነሚስቱ ከውጭ ሊመጣ ነው። እኔ የምኖረው ድሬ፣ ሳቢያን ነው። ሐረርን፣ ድሬንና ጅቡቲን በአንድ ጉዞ ለማያያዝ አስበናል። ሙዚየም መቁጠር አንፈልግም። ጥሩ ነገር መብላት፣ ማታ ማታ ወይን ቀመስ ማድረግ፣ ጠዋት ጠግቦ መተኛት፣ በቃ። አንድ ሳምንት ወይም ትንሽ ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ አለን።

ግራ የገባኝ ይኼ ነው። በራሳችን መኪና ድንበር እንሻገር ወይስ ባቡር ይሻላል? በየትኛው ወር እንሂድ? ወይኑስ የት ይጠጣል? አክስታችንም አብራን ትሄዳለች። ጾም የማታፈርስ ሴት ናት፣ ዓሣም በጾም አትነካም። ልምድ ያላችሁ እስቲ አካፍሉን።

የከዚራው፦

አቦ መጀመሪያ ወሩን ያዢ! ሌላው ቀላል ነው። ጅቡቲ በሰኔና በሐምሌ አይኬድም። ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፣ ነፋሱም እንደ እሳት ይገርፋል። ደስ የሚለው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ነው።

ግን አክስትሽን አስቢ። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ነው። ጅቡቲ ሄደሽ ዓሣ ሳትበዪ ልትመለሺ ነው? ስለዚህ ከገና በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ባለው ክፍተት ሂዱ። ረመዳንንም እይው። በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ ስለሚመጣ አንዳንዴ እዚያው ክፍተት ውስጥ ይገባል። በረመዳን ቀን ቀን ምግብ ቤት ዝግ ነው፤ እዚያም፣ እዚህ ድሬ መጋላ ሰፈርም።

እማ ጁገል፦

ልጄ፣ ሐረርን አንድ ቀን ብቻ ሰጥታችሁ እንዳትሄዱ። ሰው ጅብ አይቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ማታውኑ ወደ ድሬ ይወርዳል። ሐረር የሚበላው ግን ጠዋት ነው።

ጁገል፣ ማለትም በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ከተማ ውስጥ፣ ሑልበት መረቅ የሚሠራ ቤት ጠይቁ። አብሹ ውኃ ውስጥ ያድራል። ከዚያ በእጅ ይመታል፣ ይመታል፣ ነጭ አረፋ እስኪሆን። ያ አረፋ ትኩስ የሥጋ መረቅ ላይ ይደረግና በዳቦ እየተጠቀሰ ይበላል። ለማያውቀው ትንሽ ይመርራል። ወንድምሽ ሁለተኛውን ጉርሻ ይጠብቅ፣ በመጀመሪያው አይፍረድ። ከሱ በኋላ ቁጢ ጠጡ። ከቡና ቅጠል የሚፈላው ነው። ከቡናው ገለባ በወተት የሚፈላውን ሆጃም ካገኛችሁ አትለፉት።

ቡናውን ቆልተው ሲፈጩ ቆማችሁ ግዙ። የሐረር ቡና ከነገለባው ፀሐይ ላይ የደረቀ ነው፤ ያ የፍሬ ጠረኑ የሚመጣው ከዚያ ነው። ሀለዋም ያዙ፣ ለመንገድ። ጊዜ ካላችሁ በጅግጅጋ መንገድ እስከ ባቢሌ ውረዱ። ለውዙ እዚያ ትኩስ ነው፣ የግመል ወተትም አለ። የግመል ወተት ያልለመደ ሆድ ግን መንገድ ላይ ያስቸግራል። ከምሳ በኋላ፣ ጥቂት ብቻ።

ባለ ትሬይለር፦

እኔ ጅቡቲ ወደብ የምመላለስ ሹፌር ነኝ። እህቴ፣ መኪናሽን ድሬ ተይው።

መንገዱ ጥሩ ነው፤ ከድሬ እስከ ድንበሩ ደወሌ የክፍያ አስፋልት ነው። ችግሩ እኛ ነን። ሙሉ ትሬይለር ነው። ምሽት ላይ ግመልና ፍየል አስፋልቱ ላይ ይተኛል። መኪና ይዞ ድንበር መሻገር ደግሞ ሌላ ወረቀት አለው፤ ሊብሬ፣ ኢንሹራንስ፣ ጉምሩክ። ተከራይታችሁ ከሆነ አከራዩ ድንበር ማለፍ መፍቀዱን ውሉ ላይ እዩ፤ ብዙዎቹ አይፈቅዱም። ለመዝናናት የወጣ ሰው ፀሐይ ላይ ኬላ ጋ ቆሞ ለምን ይውላል?

የከዚራው፦

ትክክል ነው። ባቡር። ጣቢያው የድሮው ለገሃር እንዳይመስላችሁ፣ አዲሱ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ባጃጅ ቀድማችሁ ያዙ። ባቡሩ በየቀኑ ስለማይሄድ ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት ተራውን ጠይቁ። ትኬት ስትቆርጡ ፓስፖርት ያስፈልጋል። የሚያወርዳችሁ ናጋድ ነው፣ ከጅቡቲ ከተማ ዳር።

ቪዛውን የሁላችሁንም ለየብቻ ከቆንስላው አጣሩ፤ የወንድምሽ ፓስፖርት የውጭ ከሆነ የሱ መልስ ካንቺ ይለያል። እሱና ሚስቱ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው ስለሚገቡም ቪዛቸው ለሁለት መግቢያ መሆኑን እዩ። ይቺን የሚረሳ ብዙ ነው። የቢጫ ወባ ካርድም ያዙ።

ጅቡቲ የኖርኩ፦

ስለ ምግቡ እኔ ልንገርሽ። የየመን ዓሣ ሳትበሉ እንዳትመለሱ። ዓሣው በጀርባው ይሰነጠቅና እንደ መጽሐፍ ይከፈታል። በርበሬ ይቀባል። ከዚያ የሸክላው ምድጃ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ከሥሩ ፍም ነው። ጫፍ ጫፉ ጥቁር ብሎ፣ ውስጡ እንደረጠበ ይወጣል። የሚቀርበው ከትልቅ ስስ ቂጣ ጋር ነው። ማንኪያ የለም፣ በእጅ ነው። ከጎኑ ሙክባዛ እዘዙ፤ ቂጣ፣ ሙዝና ማር አብሮ የተፈጨ። ከሚያቃጥለው ዓሣ ጋር እንዴት እንደሚሄድ አትጠይቂኝ፣ ይሄዳል። ቅመም የማይችል ካለ ሲያዝዝ በርበሬው እንዲቀነስ ይናገር።

ሌላው ስኩደህካሪስ ነው፤ ሩዝ ከበግ ሥጋ ጋር በሄልና በቀረፋ። ጠዋት ላሆህ አለ፣ የእኛን እንጀራ ይመስላል፣ ግን ትንሽና ለስላሳ ነው። የፈረንሳይ ዳቦውም አሪፍ ነው።

ሰዓቱን ግን እወቁ። ወደ ቀትር ከእኛ አገር ጫት ይገባል። ከዚያ በኋላ ከተማው ይተኛል፣ ሱቁ እስከ አሥር ሰዓት ዝግ ነው። እናንተም ተኙ። የድሬ ሰው ይኼንን ማስተማር አያስፈልገውም። ዓርብ የዕረፍት ቀን ነው፣ ለገበያ አትቁጠሩት።

ዋጋው ያስደነግጣችኋል። ፍራንኩ ከ1949 ጀምሮ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ አሁን 1 ዶላር 177 ፍራንክ ከምናምን ነው። ድሬ ላይ ለአራት ሰው የሚበቃ ሒሳብ እዚያ ለአንድ ነው። ስለዚህ የሆቴል ሌሊት ጅቡቲ ላይ አሳጥሩ፣ ሐረርና ድሬ ላይ አርዝሙ።

አንድ ቀን ሹፌር ያለው መኪና ተከራይታችሁ አሳል ሐይቅ ሂዱ። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ነው፣ ከአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ። በጠዋት ውጡ። እዚያ ምግብ ቤት አትፈልጉ፤ ዳቦ፣ ፍራፍሬና ብዙ ውኃ ከከተማ ያዙ።

ቡሽ ነቃይ፦

ሁሉም ስለ ዓሣ አወራ፣ ስለ ወይኑ ማንም አልመለሰላትም! እኔ ሆቴል ውስጥ የመጠጥ ክፍል ነው የምሠራው።

ወይኑን ሐረር ጠጡት። ከባሕር በላይ ወደ 1,900 ሜትር ስለሆነ ማታው ይቀዘቅዛል፣ ቀይ ወይን የሚጠጣው እንደዚያ ባለ አየር ነው። ከዝዋይ የሚመጣው ሪፍት ቫሊ ሜርሎና ሲራ ከጥብስ ጋር ጥሩ ነው። ደረቅ ወይን የማይወድ ካለ መለስተኛ ጣፋጩ አካሲያ አለ። አክስትሽ ምናልባት አክሱሚት ትመርጥ ይሆናል። ጁገል ውስጥ ብዙ ቤት አልኮል የለም፤ ከግንቡ ውጭ ያሉት ሆቴሎች ጋ ጠይቁ።

ድሬ ላይ ቀይ ወይን በክፍሉ ሙቀት አትጠጡ። የድሬ ክፍል ሙቀት ማለት ምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ቀዩንም ፍሪጅ ውስጥ ትንሽ አቆዩት፣ ነጩን በደንብ አቀዝቅዙት። ጠርሙስ ደግሞ መኪና ውስጥ ትታችሁ ምሳ አትግቡ። ስትመለሱ የተቀቀለ ወይን ነው የምታገኙት።

ጅቡቲ ላይ ወይን አለ፣ የፈረንሳይ ነው፣ ውድ ነው። ሆቴሎችና የፈረንጅ ምግብ ቤቶች ይሸጣሉ። የየመን ዓሣ ቤት ግን የሙስሊም ቤት ነው፤ ጠርሙስ በፌስታል ይዞ መግባት ነውር ነው። ዓሣውን እዚያ በሎሚ ጭማቂ ብሉ፣ ወይኑን ማታ ሆቴል።

የሳቢያን ልጅ፦

ኧረ እግዜር ይስጣችሁ! እማ ጁገል፣ ሑልበቱን ጾም ላይ ያለ ሰው መብላት ይችላል? ምናልባት ቀኑ ረቡዕ ላይ ቢወድቅ ብዬ ነው። ደግሞስ ሐረር ቀድመን ብንሄድ ነው የሚሻለው ወይስ ከጅቡቲ መልስ?

እማ ጁገል፦

መረቁ የሥጋ ስለሆነ አይሆንም። ረቡዕ ከሆነ ለአክስትሽ ቁጢውን በዳቦ፣ ሀለዋውንም ዘይት ብቻ የገባበት መሆኑን ጠይቀሽ። ሑልበቱን ሐሙስ አድርጉት።

ሐረርን ቀድሙ እንጂ። ወንድምሽ ከአውሮፕላን ወርዶ በቀጥታ ጅቡቲ ሙቀት ውስጥ ቢገባ ምግብ አይታየውም።

የከዚራው፦

ቅር ካላልሽ እማ ጁገል፣ በመልስም አንድ ማታ ሐረር ይውጡ። ከጅቡቲ ሙቀት ወጥቶ የሐረርን መንገድ፣ የደንገጎን ዳገት ወደ ላይ ስትያዥ ያ ብርድ መስኮት ውስጥ ሲገባ... እሱን ቡሽ ነቃይ ያስረዳሽ። ድሬ ግን መጀመሪያ ጠዋት ላይ ፈጢራ በእንቁላልና በማር ሳትበሉ አንለቃችሁም።

የሳቢያን ልጅ፦

ፈጢራውን እኔው እጋብዛለሁ። ከጥር አጋማሽ በኋላ እንወጣለን። የባቡሩን ተራ ነገ ጠይቄ እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።