የባሕረ ሐሳብ ጨረቃ ከሰማዩ ጨረቃ በ4 ቀን ይለያል፤ ለተማሪ ምን ይባላል?

መምህር ዘደብረ ማርቆስ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጉዳዩ ሰንበት ትምህርት ቤት ባሕረ ሐሳብ (የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫ ሒሳብ) የሚማሩ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆችን ይመለከታል። የ2018ን ፋሲካ ቆጥረው ሚያዝያ 4 ብለው አወጡ፤ ልክ ነው። የሒሳቡ ፍሥሕ (ጨረቃ ትሞላበታለች የሚባለው የአይሁድ ፋሲካ ቀን) ግን መጋቢት 28 ሲውል፣ ስልካቸው ላይ ያለው መተግበሪያ ጨረቃ የሞላችው መጋቢት 24 ንጋት ላይ ነው ይላል። «አራት ቀን የሳተ ቁጥር እንዴት የቤተ ክርስቲያን ይሆናል?» ብለው ጠየቁ። ሸፋፍኖ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም። ስሕተቱ የቱ ላይ ነው? እንዴትስ ይነገራቸው?

አቡሻክር፦
መምህር፣ አስቀድሞ ስሌታቸው ይጣራ። 5500 (ከአዳም እስከ ክርስቶስ) + 2018 = 7518 ዓመተ ዓለም። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ «አሐዱ አእትት» ብለን 1 ስናነሣ ወንበር (ዓመቱ በ19 ዓመቱ ዑደት ውስጥ ያለው ቁጥር) 12 ይሆናል። ጀማሪ በብዛት የሚሰናከለው ይህችን አንድ ረስቶ ነው። 12 × 19 = 228፣ በ30 ሲገደፍ (ለ30 ተካፍሎ ቀሪው ሲያዝ) መጥቅዕ 18፤ ይህ የበዓለ መጥቅዕን ቀን የሚሰጥ ቁጥር ነው። ከ14 ስለበለጠ በመስከረም ይውላል። መስከረም 18 እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ (የሚደመር ቁጥር) 7፤ 18 + 7 = 25፣ ነነዌ ጥር 25። የትንሣኤ ተውሳክ 69፣ ማለት ሁለት ወር ከ9 ቀን፤ ሚያዝያ 4። ልጆቹ አልተሳሳቱም።

የጨረቃው ልዩነት ያለው ንኡስ ቀመሩ (የ19 ዓመቱ ዑደት) ውስጥ ነው። 19 ዓመት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር እኩል ተደርጎ ተይዟል። 19 ጊዜ 365 ከሩብ 6,939.75 ቀን ይሆናል፤ 235 የሰማይ ወራት ግን 6,939.69 ቀን ገደማ ናቸው። ለአንድ ወር ሲከፋፈል 23 ሰከንድ ብቻ ነው። የሩቅ ማያ መነጽር ባልነበረበት ዘመን ይህን ያህል መጠጋት ትልቅ ነገር ነው፣ ይህም ለልጆቹ ይነገር። ግን 23 ሰከንድም ይጠራቀማል፤ በ19 ዓመት አንድ ሰዓት ተኩል፣ በ308 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይሞላል። ከኒቅያ ጉባኤ (325) ወዲህ 5 ቀን ተኩል ያህል ነው። ዘንድሮ 4 ሆኖ መታየቱም አያስገርምም፤ ባሕረ ሐሳብ የሚቆጥረው አማካይ ጨረቃን ነው፣ የሰማይዋ ግን አንዴ ትፈጥናለች፣ አንዴ ትዘገያለች።

ለልጆቹ የሚነገረው ቀላል ነው። ትንሣኤ ዶግማ ነው፣ የሚውልበትን ቀን ማውጫው ቀኖና ነው። ቀኖናን ጉባኤ ይሠራል፣ ጉባኤ ያሻሽላል። ሕዝቡ በአንድ ቀን እንዲጾምና በአንድ ቀን እንዲፈስክ የተሠራ ሥርዓት ነውና «ፍጹም የሰማይ ልኬት ነው» ብሎ ማስተማር እሱ ያላለውን ማስባል ነው።

ጥላ ለኪ፦
በመተግበሪያ ከሚከራከሩ በዓይናቸው ይዩት። ይህ ልኬት ለጨረቃ ሳይሆን ለፀሐይ ነው፤ ሥርዓቱ ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑት መጋቢት 25 ነው ይላልና።

1 ሜትር ቀጥ ያለ ዱላ ደልዳላ መሬት ላይ ትከሉ፤ መሬቱን በውሃ ልክ፣ ዱላውን በቱንቢ አስተካክሉ። አንድ ዲግሪ ቢያዘም ጥላው ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ይስታል፣ ድካሙም ከንቱ ይሆናል። ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል በየ5 ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በሚስማር ምልክት አድርጉ፤ አጭሩን ለኩ። ደብረ ማርቆስ ላይ ቀንና ሌሊት እኩል በሆኑበት ዕለት አጭሩ ጥላ 18 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ የሚገኘው መጋቢት 11 ነው። መጋቢት 25 ብትለኩ 9 ሴንቲ ሜትር ግድም ታገኛላችሁ።

አጭሩን ጥላ ልክ 6 ሰዓት ላይ አትጠብቁ። ሰዓታችን የሚቆጠረው ከ45ኛው ኬንትሮስ ስለሆነ መጋቢት 11 ላይ 6 ሰዓት ከ37 ይሆናል። የ14 ቀኑ ልዩነት የመጣው ዓመቱ 365 ከሩብ ተብሎ ስለተያዘ ነው፤ ከፀሐይ ዓመት 11 ደቂቃ ይረዝማል፣ በ128 ዓመት አንድ ቀን ነው።

ዘአንድምታ፦
የሁለታችሁንም እቀበላለሁ፤ አንድ ስጋት ግን አለኝ። ይህን የሰማ ተማሪ ቀጥሎ ስለ 7518ቱ ይጠይቃል። ደጀን ላይ ቆሞ ወደ አባይ ድልድይ ሲወርድ ከላይ ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ የባሕር ቀንድ አውጣና ዛጎል የታተመበት የኖራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል ጂፕሰም፣ ከታች የአሸዋ ድንጋይ ያያል። የላይኛው ጥቁር ድንጋይ ብቻ ዕድሜው ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ነው። «ሳይንቲስቶች ዋሽተዋል» የሚል መምህር ያንን ልጅ ገደሉ አፋፍ ላይ ያጣዋል።

መልሱ ከቤታችን አለ። 5500 ዓመት «በአምስት ቀን ተኩል አድንሃለሁ» ለሚለው የአዳም ተስፋ የተሰጠ ትርጓሜ ነው፤ አንዱ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ተቆጥሮ። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ተስፋው እንጂ ስለ ድንጋዩ አይደለም። ደግሞ መጽሐፈ ሄኖክ ዓመቱን 364 ቀን ይላል፤ ባሕረ ሐሳብ 365 ከሩብ። አበው በዓል ያወጡት በሁለተኛው ነው፣ ሄኖክንም ከቀኖና መጻሕፍት አላወጡም። «ሄኖክ የዛሬውን ሥነ ፈለክ ቀድሞ ተናግሯል» የሚሉትንም አትስሟቸው፤ ራሱ ሄኖክ 364 ብሎ ይመልስላቸዋል።

መምህር ዘደብረ ማርቆስ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። መጋቢት እስኪደርስ መጠበቅ ግድ ነው?

ጥላ ለኪ፦
አይደለም፣ መስከረም 12 ወይም 13 ላይም ይሆናል። ያኔ አጭሩ ጥላ ወደ 6 ሰዓት ከ22 ቀደም ይላል፤ ከ5 ሰዓት ከሩብ ጀምሩ። የክረምቱ ደመና ጨርሶ ስላልወጣ ከመስከረም 10 እስከ 15 በየቀኑ ለኩ፤ ሁለቱ ቀን ቢጠፋባችሁ ከቀሪዎቹ መካከለኛውን ማውጣት ይቻላል።