ለሙት ዓመት ደሴ ስገባ ስብሰባዬን የት ላግኝ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሰላም ወገኖች። መጠጥ ካቆምኩ 14 ወር ሆነኝ። እዚህ ዋሽንግተን አጠገብ በሳምንት ሦስት ቀን ኤኤ ሚቲንግ (መጠጥ ለማቆም የሚረዳዱ ሰዎች ስብሰባ) እሄዳለሁ። በጥር ለአባቴ ሙት ዓመት ደሴ ገብቼ ስድስት ሳምንት እቆያለሁ። እናቴ ከአሁኑ የጠላውን ጌሾ እያሰበች ነው። ቤተሰቤ ስለ መጠጡ የሚያውቀው ነገር የለም። እዚያ ስብሰባ የማገኝበትን መንገድ የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ። ፈርቻለሁ።

ከደሴ፦
ወንድምዓለም፣ አባትህን ነፍስ ይማር። አብሽር፣ መንገድ አለው። እኔ ከ16 ዓመት የቨርጂኒያ ኑሮ በኋላ ጠቅልዬ ስገባ ያላወቅኩትን ልንገርህ።

በገባሁ በአራተኛው ቀን ሙጋድ አክስቴ ቤት ተጠራሁ። ብርሌውን በሁለት እጇ ይዛ ፊቴ ቆመች። «አፈር ስሆን፣ በሞቴ፣ አንዲት ብቻ።» ማቆሜን አልነገርኳትም ነበር። እምቢ የምልበት አፍ አጣሁ። ያቺ አንዲት ብርሌ ሁለት ወር በላችብኝ። አክስቴን አልወቅስም። እሷ የምታውቀው እንግዳ ማክበር ነው። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጥህ በፊት ከቤተሰብ ለአንድ ሰው ንገር። እናትህ ከከበደችህ ለእህትህ ወይም ለአክስትህ ልጅ። «ሐኪም ከልክሎኛል» ለአንድ ግብዣ ይሠራል፣ ለስድስት ሳምንት ግን አይዘልቅም። አጠገብህ ሆኖ «እሱ አይጠጣም፣ ተዉት» የሚልልህ ሰው ያስፈልግሃል።

ስብሰባውን ከዚያው ይዘህ ና። በጥር የደሴ ሰዓት ከዋሽንግተን በ8 ሰዓት ይቀድማል። እዚያ እኩለ ቀን ላይ ያለ የዙም ሚቲንግ እዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ከራት በኋላ፣ ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ ጠላው በሚቀዳበት ሰዓት ማለት ነው። ጓዳ ገብተህ በርህን ዝጋ። መብራት ስለሚጠፋ ፓወር ባንክ አትርሳ። ኢንተርኔቱ እምቢ ካለም ለስፖንሰርህ፣ ቀድሞህ አቁሞ ለሚደግፍህ የኤኤ ሰው፣ በቀጥታ ስልክ ደውል።

ፊት ለፊት መቀመጥን ግን የሚተካው የለም። ኤኤ ራሱ የተጀመረው እንዳንተ ከቤቱ በራቀ ሰው ነው። በፈረንጆች 1935 ቢል የሚባል የኒውዮርክ ሰው ለሥራ ኦሃዮ፣ አክረን ሄዶ ሥራው ከሸፈበት። የሆቴሉ ባር እግሩን ጎተተው። እሱ ግን ስልክ አንስቶ ቤተ ክርስቲያኖች ጋ እየደወለ፣ እንደሱ በመጠጥ የተሸነፈ ሰው አፈላለገ። ዶክተር ቦብን አገኘ። ሁለት ሰው፣ በቃ።

የኔን ሁለተኛ ሰው ያገናኘችኝ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ናት፣ ሁለታችንንም አስፈቅዳ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ሐረጎን ወጥቶ ይመጣል። አሁን አራት ሆነናል። ቡናውን የማፈላው እኔ ነኝ። የሰማነው ከዚያ ቤት ስለማይወጣ ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ እናቷ ጋ ትሄዳለች። አቦሉ ሲቀዳ አንዱ ይናገራል፣ በቶናው ሌላው። አናቋርጥም፣ ምክርም አንሰጥም። ይሄ ለኛ ሰው ከባድ ነው። ሰው እያለቀሰ «አይዞህ» ሳይሉ መቀመጥ አንጀት ይበላል። በረካ ሳይጠጣ የሚነሳ የለም። ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር የሚወጣውም በረካው ላይ ነው። አንዱ ጓደኛችን ሙስሊም ነው። አንድ ቀን በረካው ላይ «እናንተ የደበቃችሁት ብዛቱን ነው፣ እኔ መጠጣቴን ራሱን» አለን። ከዚያ ወዲህ ቀርቶ አያውቅም።

የሙት ዓመቱ ዕለት ከሙስሊም ጎረቤቶቻችሁ ጋር ተቀመጥ። የወሎን ድግስ ታውቀዋለህ፣ ምግባቸው ለብቻ ይሰናዳል፣ በነሱ በኩል ጠላ አይዞርም። ቀሪቦ ከቀረበልህ ግን ጠይቅ። እርሾና ስኳር ስለሚገባበት ሲያድር ይብላላል። ብርዝም ቢሆን የዕለቱን ብቻ ጠጣ።

ከኮምቦልቻ፦
እኔም ልጠይቅ። ታላቅ ወንድሜ ጠዋት ሳይነጋ በአረቄ ነው የሚጀምረው። ሳምንት ያህል ቤት ቆልፈንበት፣ ከዚያ ጸበል ልንወስደው ተመካክረናል። ምን ትላላችሁ?

ከደሴ፦
እህቴ፣ እባክሽ አትቆልፉበት። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚጥል ሕመም ሊነሳበት፣ የሌለ ነገር ሊያይ ይችላል። ሰው ይሞታል። መጀመሪያ ሆስፒታል ውሰዱት፣ ሐኪም እየተከታተለው ያቁም። ጸበሉን ተዪ አልልሽም፣ እኔም ተጠምቄያለሁ። ግን ሐኪም ካየው በኋላ ይሁን፤ መድኃኒት ካዘዘለትም አያቋርጥ። ላንቺም አል-አኖን የሚባል አለ። ከ1951 ጀምሮ የጠጪ ቤተሰቦች የሚሰበሰቡበት ነው፣ በኢንተርኔትም ይገናኛሉ። ወንድምሽ ባይሄድም አንቺ መግባት ትችያለሽ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ትናንት ማታ ለታናሽ እህቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። ብዙ ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ «ብርዙን የዛኑ ዕለት እኔ ራሴ እበርዝልሃለሁ» አለችኝ። ስለ ቅዳሜው ቡና በውስጥ መስመር ጽፌልሃለሁ።